«ተመለሰ» ሲባል ምኑ ነው የተመለሰው? ከሰሜን ሸዋ የአንድ የመሬት ክርክር የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ዳኛው ትዕዛዙን አንብበው ሲጨርሱ ደንበኛዬ እማማ ከሰሙት ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ይዘው ወጡ። «ተመለሰ»።

በረንዳው ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው «እሰይ! መሬቴ ተመለሰልኝ» አሉኝ። አጠገባቸው የቆሙ ሁለት ሴቶች እልል ሊሉ ሲሉ በእጄ አስቆምኳቸው። የተመለሰው መሬቱ አልነበረም። መዝገቡ ነው።

ይህን ጥናት ለመጻፍ ያነሳሳኝ ያ በረንዳ ነው። ደብረ ብርሃን በጥብቅና ስሠራ «ተመለሰ» የሚለውን ቃል አሸነፍኩ ብሎ የሚሰማ ባለጉዳይ ብዙ አይቻለሁ። ተሸነፍኩ ብሎ የሚያለቅስም አለ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ይህ መዝገብ ደግሞ ከከፍተኛ ፍርድ ቤት ወደ ወረዳ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ተመልሷል። ሁለቱ መመለሶች በዓይነት የተለያዩ ስለነበሩ ለማስተማሪያ የሚሆን ነገር አለው። የሰዎቹን ስም፣ ወረዳውን፣ ቀበሌውንና የመዝገቡን ቁጥር ትቻለሁ።

ዳራ

እማማ ከሰሜን ሸዋ ደጋ ወረዳዎች በአንዱ ይኖራሉ። ገብስና ባቄላ ያመርታሉ፣ ጥቂት በጎች አሏቸው። ክርክር የተነሳበት ማሳ ሁለት ጥማድ ነው፤ ግማሽ ሄክታር ገደማ ማለት ነው። የይዞታ ደብተሩ በእሳቸውና በሟች ባለቤታቸው ስም የወጣ ሲሆን የሁለቱም ፎቶ ተለጥፎበታል። ደብተሩን በሰማያዊ ፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በመቀነታቸው ጫፍ አስረው ነው የመጡት። ቢሮዬ ቁጭ ብለው ሲፈቱት ጊዜ ወሰደባቸው። ፎቶውን በጣታቸው እየነኩ «ይኸው እኔ፣ ይኸው እሱ» አሉ።

ተከራካሪያቸው የባላቸው የወንድም ልጅ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እሳቸው ቤት አድጓል። እስከ ክርክሩ መጨረሻ ድረስ ችሎት ፊትም «ልጄ» ነበር የሚሉት፤ አንድ ጊዜ ዳኛዋ ተደናግረው «ልጅዎ ነው እንዴ?» ብለው እስኪጠይቁ።

ባለቤታቸው ታመው ሲተኙ ልጁ መሬቱን በየእኩል፣ ማለትም ምርቱን ለሁለት እየተካፈሉ፣ ማረስ ጀመረ። ውሉ የቃል ነው፤ ወረቀት የለም። በአካባቢው ሴት ሞፈር አትጨብጥም። በሬ የሌላት፣ ባሏ የታመመባት ወይም የሞተባት ሴት መሬቷን ለዘመድ በእኩል ትሰጣለች። ብዙዎቹ የባልቴት መሬት ክርክሮች የሚጀምሩት እዚሁ ላይ ነው። ዓመት ዓመትን ሲተካ ማሳው ላይ የሚታየው የአራሹ በሬ ብቻ ይሆናል። በኋላ ምስክር ሲጠራ ሁሉም «እሱ ሲያርስ አይቻለሁ» ይላል። ውሸት አይደለም፣ አይቷል። ግን በምን ሆኖ እንዳረሰ አይናገርም።

ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላም ልጁ ለሁለት ዓመት እኩሌታውን አምጥቷል። በሦስተኛው ዓመት ቀረ። ሽማግሌ ቢልኩበት «መሬቱ የኔ ነው፣ አጎቴ ሰጥቶኛል» አለ። እማማ ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰሱ።

የመጀመሪያው ውሳኔ

እኔ በዚህ ደረጃ አልነበርኩም። ክሱን የጻፈላቸው ፍርድ ቤቱ በር ላይ የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ነው። አጭር ክስ ነው፣ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። ልጁ መሬቱን መቼና እንዴት እንደያዘ አይናገርም። «መሬቴን በሕገ ወጥ መንገድ ስለያዘብኝ ያስለቅቅልኝ» ብቻ ነው የሚለው።

ተከሳሹ ጠበቃ ይዞ ቀረበ። ገና ምስክር ሳይሰማ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 244 መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አነሳ። «መሬቱን ከ10 ዓመት በላይ ይዤዋለሁ፣ ክሱ በይርጋ ይታገዳል» አለ፤ መክሰሻው ጊዜ አልፏል ማለቱ ነው። እማማ ሲጠየቁ «አዎ፣ ያርሰው የነበረው እሱ ነው፣ ከ10 ዓመት ይበልጣል» ብለው መለሱ። እውነታቸውን ነው። ወረዳው ያንን መልስ ይዞ ክሱን በይርጋ ዘጋው። ከተከፈተ እስከ ተዘጋ ሁለት ቀጠሮ ብቻ።

እንግዲህ በነፃ የሕግ ድጋፍ በኩል እኔ ዘንድ የመጡት ያኔ ነው። ይግባኝ ማቅረቢያው ጊዜ 60 ቀን ነው። እሳቸው የመጡት ብዙው ካለፈ በኋላ ነበር። የውሳኔ ግልባጭ ለማውጣት ሁለት ጊዜ ተመልሰው ነበር፤ አንዴ «ማህተም የሚመታው ሰው የለም»፣ አንዴ «መብራት የለም»።

የመጀመሪያው መመለስ

ይግባኙን ስጽፍ ስለ መሬቱ ብዙ አላልኩም። ስጦታውንም አልነካሁም። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ቆምኩ፦ ይርጋ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ለማወቅ ተከሳሹ መሬቱን የያዘው በእኩል አራሽነት ነው ወይስ በባለቤትነት ስሜት የሚለው መጣራት አለበት። በእኩል የሚያርስ ሰው እኩሌታውን እያመጣ እስካለ ድረስ የሚከሰስበት ምክንያት የለም። ይህ ደግሞ ያለ ማስረጃ አይታወቅም። ስለዚህ ወረዳው ምስክር ሳይሰማ በመቃወሚያ መዝጋቱ ስህተት ነው።

ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ «ያስቀርባል» አለ። መልስ ሰጪው ተጠርቶ ግራ ቀኙ ተከራከረ። ውሳኔው ሁለት ገጽ አይሞላም። የወረዳው ብይን ተሽሯል። በቁጥር 341 መሠረት መዝገቡ በቀድሞው ቁጥሩ ተከፍቶ፣ መቃወሚያው ታልፎ፣ ወረዳው ፍሬ ነገሩን ሰምቶ የመሰለውን እንዲወስን ተመልሷል። የከፍተኛ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ተዘግቷል።

ቁጥር 341 የተሠራው ለእንዲህ ያለው ነው። የሥር ፍርድ ቤት ጉዳዩን በበሩ ላይ መልሶት ከሆነ፣ ማለትም ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ በመቃወሚያ ከዘጋው፣ ይግባኝ ሰሚው ያንን ሲሽር ከሥር የቀረ ምንም የተጣራ ነገር የለም። ይግባኝ ሰሚው ራሱ ከዜሮ ጀምሮ ምስክር ሊሰማ አይቀመጥም። ቢቀመጥ ደግሞ ተከራካሪዎቹ አንድ የይግባኝ ደረጃ ያጣሉ። ስለዚህ ይመልሰዋል።

እማማ በረንዳው ላይ እልል ሊባልላቸው የነበረው ያን ቀን ነው። የገና ሰሞን ነበር፤ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይገባል። ሻይ ጋብዣቸው ቁጭ ብለን አስረዳኋቸው። ጨዋታው ገና እንደ አዲስ ይጀመራል አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ አንድ ነገር አልኩ፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። «ወረዳው መጥሪያ ይልክልዎታል፣ ቤትዎ ይጠብቁ።»

በከንቱ ያለፈው በልግ

መጥሪያ አልመጣም። እሳቸው ቤት፣ እኔ ቢሮ፣ ሁለታችንም ጠበቅን። ጥር ሄደ፣ የካቲት ሄደ። መጋቢት ላይ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ በልጉን ዘራው እኮ» አሉ። ደጋው ላይ የበልግ ገብስ የሚዘራው በእነዚህ ወራት ነው። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይቆጥራል፣ ገበሬ ዝናብ ይቆጥራል።

በማግስቱ ሄጄ ሳጣራ ነገሩ ቀላል ነበር። የከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ግልባጭ ለወረዳው ይላክ ተብሎ ታዟል። ደብዳቤው ተጽፏል። ነገር ግን የሆነ ቦታ ተቀምጦ ቀርቷል። የት እንደተቀመጠ ዛሬም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፣ ማንንም አልወቅስም። መውቀስ ያለብኝ ራሴን ነው። የተመለሰ መዝገብ በራሱ እግር አይሄድም። የተረጋገጠ ግልባጭ አውጥተህ፣ «መዝገቡ ይንቀሳቀስልኝ» የሚል ማመልከቻ ጽፈህ፣ ወረዳው መዝገብ ቤት በር ላይ ቆመህ ነው የሚንቀሳቀሰው። ይህን ማንኛውም የፍርድ ቤት ተላላኪ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር። ግን አላደረግኩትም።

ያ ሳያንስ ሁለተኛ ስህተት ሠራሁ። መዝገቡ ሲንቀሳቀስ እግድ አልጠየቅኩም። ቁጥር 154 ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ የክርክሩ ንብረት እንዳይበላሽ ወይም እንዳይተላለፍ እግድ ለመጠየቅ ይፈቅዳል። «መሬት የት ይሄዳል?» ብዬ አሰብኩ። መሬት አይሄድም። ባሕር ዛፍ ግን ይበቅልበታል። ልጁ በክረምቱ መግቢያ በማሳው የላይኛው ዳር ሁለት ረድፍ ባሕር ዛፍ ተከለ። በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ውሳኔ

ወረዳው መዝገቡን ከፍቶ ምስክር ሰማ። የእኛ አራት፣ የእነሱ ሦስት። ተከሳሹ አሁን የስጦታ ወረቀት አቀረበ። አንድ ገጽ የደብተር ወረቀት ነው። «ከወንዙ ማዶ ያለውን ማሳዬን ለወንድሜ ልጅ በስጦታ ሰጥቻለሁ» ይላል። የሟች የጣት አሻራ አለበት፣ ሦስት ሽማግሌዎች ፈርመዋል። አዋሳኝ የለውም፣ ስፋት የለውም፣ የእማማ ፊርማም የለበትም። የመሬት አስተዳደር ማህተም የሚባል ነገር የለበትም።

ወረዳው ጭብጥ ሲይዝ አንድ ጭብጥ ብቻ ያዘ፦ «ሟች ለተከሳሽ ስጦታ አድርገዋል ወይስ አላደረጉም?» ሦስቱ ሽማግሌዎች መጥተው «አድርገዋል» አሉ። ወረዳው ለተከሳሽ ወሰነ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ምስክሮቹ ዋሹ ብዬ አላምንም። ሟች ሊሰጡ አስበው ይሆናል። ችግሩ የጥያቄው ነው። ጭብጡ በጠባቡ ከተያዘ መልሱም ጠባብ ይሆናል። መጠየቅ የነበረባቸው ጥያቄዎች ጭራሽ አልተጠየቁም። ስጦታው በሕግ ፊት ይቆማል ወይ? በባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ላይ አንዱ ብቻውን መስጠት ይችላል ወይ? «ማዶ» የተባለው ማሳ የትኛው ነው? ልጁ ስጦታ ተቀብሎ ከነበረ ለምን እኩሌታውን ያመጣ ነበር?

እማማ ውሳኔውን ሲሰሙ ምንም አላሉም። ደብተሩን መልሰው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱ።

ሁለተኛው መመለስ

ሁለተኛውን ይግባኝ የጻፍኩት በሌላ መንገድ ነው። ስንት ምስክር ለእኛ እንደመሰከረ አልዘረዘርኩም። በአንድ ገጽ ላይ «ወረዳው ያልመረመራቸው ነጥቦች» ብዬ አራት ነጥብ ጻፍኩ፤ በእያንዳንዱ ሥር መልሱ ከየት እንደሚገኝ አከልኩ። ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት። ከቦታው። አውድማ ላይ ከነበሩ ሰዎች። የክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 የመሬት ስጦታ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ የሚጠይቅ መሆኑንም ጠቀስኩ።

ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ይህን ጊዜ በቁጥር 343(1) መለሰው። ሦስቱን ነጥቦቼን ተቀበለ፣ አንዱን ጣለ። ወረዳው እንዲያጣራ የታዘዘው የሚከተለውን ነው፦ ስጦታው ሲደረግ እማማ ተስማምተው ነበር ወይ፣ ስጦታውስ ተመዝግቧል ወይ፤ «ከወንዙ ማዶ» የተባለው ክርክር የተነሳበት ማሳ ነው ወይ፤ ተከሳሹ ሟች ከሞቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ማሳውን በምን ሁኔታ ነበር የያዘው።

343 ከ341 በምን ይለያል? በ341 ወረዳው እንደ አዲስ ይጀምራል። በ343 ግን ክርክሩ ተሰምቷል፣ ምስክርም ቀርቧል፤ የጎደለው የተወሰነ ጥያቄ ነው። የፍርድ ቤት ሰው «ነጥብ ይዞ ተመለሰ» የሚለው ይህንን ነው። የሥር ፍርድ ቤት ከተሰጠው ነጥብ ውጭ አይወጣም። የቀድሞው ምስክርነትም አይጠፋም፣ መዝገቡ ላይ አለ።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ሕጉ በ343 ሲመለስ የሥር ፍርድ ቤት ጥያቄዎቹን አጣርቶ ውጤቱን ከነምክንያቱ ለይግባኝ ሰሚው እንዲልክ ነው የሚለው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ትዕዛዙ «አጣርቶ የመሰለውን ይወስን» ብሎ ይግባኝ ሰሚው መዝገቡን ይዘጋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። «አጣርቶ ይላክ» ከተባለ የሚቀጥለው ቀጠሮህ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። «አጣርቶ ይወስን» ከተባለ ወረዳው አዲስ ፍርድ ይሰጣል፣ ቅር ያለው እንደገና ይግባኝ ይላል። የእኛው «ይወስን» ነበር። የመጨረሻውን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ይህን ጊዜ አልጠበቅኩም። በዚያው ሳምንት የተረጋገጠ ግልባጭ አወጣሁ። በጠዋቱ መኪና በጣርማበር ጉም ውስጥ አልፌ ወረዳው ደረስኩ። ማመልከቻውን ሰጥቼ መዝገቡ ከመደርደሪያ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ቀጠሮ ተቆረጠ። የቀድሞው ዳኛ ተቀይረው አዲስ ሴት ዳኛ መጥተዋል። ስለዚህ የመዝገቡን ታሪክ በአንድ ገጽ አጠቃልዬ፣ የተመለሱትን ነጥቦች በቁጥር ጽፌ ከማመልከቻው ጋር አያያዝኩ። ዳኛዋ መጀመሪያ ያነበቡት እሱን ነበር።

ለመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ የሚሄደውን የፍርድ ቤት ደብዳቤ እማማ ራሳቸው በእጅ እንዲያደርሱ አስፈቀድን። መልሱ ሁለት ቀጠሮ ዘገየ፣ ግን መጣ። ማሳው እስከ ዛሬ በባልና ሚስቱ ስም ነው፣ የተመዘገበ ስጦታ የለም የሚል ነበር። አጭርና ግልጽ።

ለሦስተኛው ነጥብ ግን ምስክር መረጣ ላይ ብዙ አሰብን። «ማን ያርስ ነበር?» ብለህ ከጠየቅክ መልሱ ለእሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ከማሳው ወደ አውድማ አዛወርነው። እህሉ ሲወቃ ለማን ተሰፈረ? እማማ ትንሽ አሰብ አድርገው የጎረቤታቸውን ስም ጠሩ። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ችሎት ቀርበው እንዲህ አሉ፦ «ሰፋሪው እኔ ነበርኩ። በቁና። አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ። የእሷን በአህያ ያደረሰው ራሱ ልጁ ነው።» ስንት ዓመት ሲባሉ «እሱ ከሞተ በኋላ ሁለት መኸር፣ ከዚያ በፊትማ ብዙ» አሉ። የተከሳሹ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ሲያቀርብላቸው «ዘመድ ለዘመድ በስጦታ አይልክም ወይ?» አላቸው። ሽማግሌው ሳቅ አሉና «ስጦታ በቁና አይሰፈርም ልጄ» ብለው መለሱ። ችሎቱም ፈገግ አለ።

ስለ «ማዶ» ዳኛዋ ራሳቸው ቦታው ድረስ ሄደው አዩ። እዚያ የሆነውን መንገር አለብኝ። ወንዙ የክረምት ወንዝ ነው፤ በበጋ ድንጋይ ብቻ ነው። ከእማማ ቤት ሆነህ ስታይ ማሳው ከወንዙ ወዲህ ነው። ከልጁ ቤት ሆነህ ስታይ ደግሞ ማዶ ነው። ሟች ወረቀቱን ያስጻፉት የት ተቀምጠው ነው? ማንም አላስታወሰም። አንዱ ሽማግሌ «ጠላ ቤት» አለ፣ ሌላው «እሱ ግቢ» አለ። በዚህ ነጥብ ላይ እኛ አላሸነፍንም፣ እነሱም አላሸነፉም።

የሠራውና ያልሠራው

ከሠሩት ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይግባኙን በጉድለት ዙሪያ መጻፉ ነው። «ማስረጃው በትክክል አልተመዘነም» ብዬ ብቻ ብጽፍ ኖሮ ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ምስክር ያየውን ዳኛ ግምት ለመንካት ያመነታ ነበር። ያልተጠየቀ ጥያቄ ስታሳየው ግን ለመመለስ ምክንያት አለው። ጥያቄውን ብቻ ሳይሆን መልሱ የሚገኝበትን ቦታ ማሳየቱም ረድቷል። የትዕዛዙ ቃላት ከማመልከቻዬ ቃላት ጋር ሲመሳሰሉ ሳይ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

አንድ ነገር ግን አበላሽቼ ነበር። በሁለተኛው መመለስ ላይ «ባለፉት ዓመታት የተወሰደው ሰብል ግምት ይከፈለን» የሚል ጥያቄ አከልኩ። ተገቢ መስሎኝ ነበር። ተከሳሹ ተቃወመ፣ ልክም ነበር። የተመለሰው ነጥብ ላይ የለም፣ የመጀመሪያው ክስ ላይም የለም። ዳኛዋ ውድቅ አደረጉት። በእሱ ክርክር አንድ ሙሉ ቀጠሮ ባከነ። ቀጥሎ ነሐሴ ገባ፣ ፍርድ ቤት ለክረምት እረፍት ተዘጋ፣ ያ አንድ ቀጠሮ ወደ ሦስት ወር ተለወጠ።

ዕርቅም ተሞክሮ ነበር። ዳኛዋ «ዘመዳሞች ናችሁ፣ ውጭ ወጥታችሁ ተነጋገሩ» ብለው ጊዜ ሰጡ። ልጁ አንዱን ጥማድ ይዞ አንዱን ሊለቅ ተስማማ። እማማ «ግማሽ ልብስ አይለበስም» ብለው ተነሱ። እኔ በልቤ ቢቀበሉ ኖሮ ይሻል ነበር ብዬ አስቤ ነበር። ተሳስቼ ነበር።

በመጨረሻ ወረዳው ለእማማ ወሰነ። ስጦታው አልተመዘገበም፣ የጋራ ባለይዞታዋ አልተስማማችም፣ ተከሳሹ እኩሌታውን ሲያስረክብ ስለነበር የያዘው እንደ ባለመብት አይደለም። «ማዶ» የሚለውን ነጥብ በሁለት ዓረፍተ ነገር አለፈው። ልጁ ይግባኝ አለ። ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን መርምሮ መልስ ሰጪ ሳይጠራ በቁጥር 337 «አያስቀርብም» ብሎ ዘጋው። ይህ ቃል ደግሞ ለእማማ ግልጽ ነበር። «አያስቀርብም ማለት ደክሟቸዋል ማለት ነው» አሉኝ። ከሞላ ጎደል ልክ ናቸው።

ለሌላ መዝገብ የሚሆን

ይግባኝ ሰሚው ጉዳዩን ይመልሰዋል ወይስ ራሱ ይወስናል የሚለው ከምንም በላይ የሚወሰነው ከሥር በመጣው መዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ በቂ ማስረጃ ካለ ቁጥር 342 ይግባኝ ሰሚው ራሱ ጭብጡን አስተካክሎ እንዲቋጨው ይፈቅድለታል። ስለዚህ ባለጉዳይ መመላለስ የማይፈልግ ከሆነ ገና ወረዳ ሳለ ደብዳቤውንም፣ የምዝገባ ማረጋገጫውንም፣ የቦታ ምልከታውንም መጠየቅ አለበት። ተጠይቆ ቢከለከል እንኳ መጠየቁ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። እማማ ያ ሁሉ መንገድ የሄዱት አንድ የመሬት አስተዳደር ደብዳቤ ከመጀመሪያው ስላልተጠየቀ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በመሬት ክርክር «በምን ሆኖ ያርሳል» የሚለው «ማን ያርሳል» ከሚለው ይቀድማል። ክስ ስትጽፍ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይግባ፦ በእኩል፣ በኪራይ፣ በአደራ ወይስ በጉልበት። የእማማ የመጀመሪያ ክስ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢኖረው ኖሮ የይርጋ መቃወሚያው ያን ያህል አይገፋም ነበር።

ትዕዛዝ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ለባለጉዳይ ሦስት ነገር በቃል ሳይሆን በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ አሁን። ምን እንደተመለሰ፣ የትኛው ፍርድ ቤት በየትኛው ቁጥር እንደሚከፈት፣ እኔና እሳቸው ምን ይዘን መቼ እንደምንሄድ። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ በልጅ ልጃቸው ፊት አነብላቸዋለሁ። እግድም በዚያው ቀን ነው የምጠይቀው። ቢከለከል ምን ጎደለኝ።

ስለ ዳኛ መቀየርም አንድ ነገር። ብዙ ጠበቃ አዲስ ዳኛ ሲመጣ ይማረራል። የተመለሰ መዝገብ ላይ ግን አዲስ ዳኛ ክፉ አይደለም። የራሱን ውሳኔ የሚያይ ዳኛ ሳይታወቀው ወደዚያው ያዘነብላል። አዲሱ የሚያየው ነጥቡን ነው፣ አንተ በግልጽ ካስቀመጥክለት።

አሁን ያለበት

በአፈጻጸም ጊዜ መሬቱ በቀበሌ ሰዎችና በፖሊስ ፊት ተለክቶ ለእማማ ተረከበ። ባሕር ዛፉ ግን ቆሞ ነበር። ልጁ «የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ዋጋ ይከፈለኝ» አለ። እንደገና ክርክር ሊከፈት ነው ብዬ ስጨነቅ እማማ ከእኔ ቀድመው ሽማግሌ አስቀመጡ። ቆርጦ ወስዶ ጉቶውን ሊነቅል ተስማማ። ቆርጦ ወሰደ። ጉቶውን አልነቀለም።

ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ባለፈው ሲደውሉልኝ ቡቃያው ጉልበት ደርሷል አሉ። ክስ እንጻፍ ወይ ብላቸው «ተወው፣ በጉ ይበላዋል» አሉኝ። በግ ባሕር ዛፍ አይበላም። እሳቸውም ያውቁታል። አዲሱ አራሻቸው በዚህ ዓመት የመጣው በጽሑፍ ውል ነው፤ ውሉን ከደብተሩ ጋር በዚያው ሰማያዊ ፌስታል ጠቅልለው አስቀምጠውታል።